የጋራ ሰዓት ታሪክ፤ ከባቡር ሐዲድ እስከ ሞባይል ማሠራጫ ጣቢያ

ሰዓትን መጥራት የልማድ ጉዳይ ነው፤ ሰዓትን ማስማማት ግን የሥራ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያዊው የቀኑን ሰዓት ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ስለሚቈጥር በሌላው ዓለም 9 ሰዓት የሚባለውን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይለዋል። ልዩነቱ ድፍን 6 ሰዓት በመሆኑ አቈጣጠሩን ያወቀውን ሁሉ አያሳስትም፤ በአንደኛው ቈጣሪ የሚያልቀው ደቂቃ በሌላውም ቈጣሪ በዚያችው ቅጽበት ያልቃልና። የሞባይል ስልክ መረብም የሚሻው ይህንኑ ነው። ሰዓቱ በምን ቍጥር ቢጠራ ግድ የለውም፤ በየተራራውና በየሕንፃው አናት የቆሙት ማሠራጫ ጣቢያዎች ሁሉ ቅጽበቱን እኩል እንዲቈጥሩለት ግን የግድ ይፈልጋል። በዛሬው ጊዜ በብዙ መረቦች የሚፈቀደው ልዩነት ከአንድ ሴኮንድ ሚሊዮንኛ እምብዛም አይበልጥም።

ይህ ስምምነት በአንድ ጀምበር የተገኘ አይደለም። ባቡር፣ ቴሌግራፍ፣ ስልክና ሳተላይት እየተቀባበሉ ያደረሱት የብዙ ትውልድ ሥራ ነው። በዚህም ጉዞ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሰው ልጅ ይበልጥ ትክክለኛ የሆነ ሰዓት ባገኘ ቍጥር የቀድሞውን እየተወ በአዲሱ ብቻ መደገፉ፣ ብቻውን የቀረው ሰዓት በሳተ ጊዜም መሳቱን የሚመሰክር ሌላ ሰዓት ማጣቱ ነው። የማሠራጫ ጣቢያዎች የጊዜ ስምምነት በምን እንደሚጸና ለመረዳት ታሪኩን ከመነሻው መከተል ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የሐዲዱ ሰዓት

እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ እያንዳንዱ የእንግሊዝ ከተማ ቀትርን የሚያውቀው በራሱ ፀሐይ ነበር። ብሪስቶል ከለንደን በስተምዕራብ ስለሚገኝ የከተማው ሰዓት ከለንደኑ 10 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀር ነበር። በፈረስ ለሚጓዝ መንገደኛ ይህ ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። በአንድ ሐዲድ ላይ ባቡሮች በተወሰነላቸው ሰዓት መመላለስ ሲጀምሩ ግን የደቂቃዎች ልዩነት የሰው ሕይወት ጉዳይ ሆነ። በዚህም ምክንያት ታላቁ የምዕራብ ባቡር ኩባንያ በኖቬምበር 1840 በጣቢያዎቹ ሁሉ የለንደን ሰዓት እንዲሠራበት አዘዘ።

በ1852 ቻርልስ ሼፐርድ የሠሩት የኤሌክትሪክ ዋና ሰዓት በግሪንዊች የከዋክብት መመልከቻ ተተከለ፤ ምቱም በቴሌግራፍ ሽቦ ወደ ለንደንና ከዚያም ወደ ሌሎች ከተሞች ይላክ ጀመር። በኖቬምበር 18 ቀን 1883 የአሜሪካና የካናዳ የባቡር ኩባንያዎች አህጉሩን በጥቂት የሰዓት ክልሎች ከፋፈሉት። በሚከተለው ዓመት በዋሽንግተን የተሰበሰቡት የ25 መንግሥታት መልእክተኞች የግሪንዊችን መሥመር የዓለም የሰዓት መነሻ እንዲሆን መረጡት። በ1910 ደግሞ ከፓሪሱ የኤፍል ግንብ የሬዲዮ የሰዓት ምልክት መሠራጨት ስለጀመረ በባሕር ላይ ያለ መርከብ እንኳ ያለ ሽቦ ሰዓቱን ለማስተካከል ቻለ።

ነገር ግን የሚላክ ምት ራሱ በመንገድ ላይ ጊዜ ይፈጃል። በ19ኛው መቶ ዓመት በቴሌግራፍ አማካይነት የሁለት ከተሞችን የኬንትሮስ ልዩነት ይለኩ የነበሩ የከዋክብት ተመራማሪዎች ለዚህ መላ አገኙለት። ምቱን መጀመሪያ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይልካሉ። በአንደኛው ልኬት የመንገዱ ጊዜ ይደመራል፣ በሁለተኛው ይቀነሳል፤ አማካዩ ሲወሰድም የመንገዱ ጊዜ ከሒሳቡ ይወጣል። አልበርት አይንሽታይን በበርን ከተማ በስዊስ የፈጠራ መብት ጽሕፈት ቤት ሲሠሩ በ1905 ባወጡት ዝነኛ ጽሑፍ፣ ሁለት የተራራቁ ሰዓቶች ተስማምተዋል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የወሰኑት ብርሃን ደርሶ እንዲመለስ በማድረግ፣ የመሄጃውንና የመመለሻውን ጊዜ እኩል በመቍጠር ነው። መሄጃና መመለሻ እኩል ናቸው የሚለው ይህ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ የሞባይል መሐንዲሶች እንደገና የሚጋፈጡት ጉዳይ ይሆናል።

ስልክ የወለደው ሰዓት

የፔንዱለም ሰዓትን ከትክክለኛነት ዙፋኑ ያወረደው ሰዓት ሠሪ ሳይሆን የስልክ መሐንዲስ ነው። በአሜሪካ የቤል ስልክ ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ዋረን ማሪሰንና ጆሴፍ ሆርተን የሬዲዮና የስልክ ሞገዶችን ድግግሞሽ በትክክል የሚለካ መሣሪያ ሲሹ በ1927 በኳርትዝ ድንጋይ ንዝረት የሚሄድ ሰዓት ሠሩ። ኳርትዝ ግን ሲያረጅና የሙቀት መጠን ሲለዋወጥ ፍጥነቱ ይቀየራል። በ1955 ሉዊስ ኤሰንና ጃክ ፓሪ በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ በሲዝየም አቶም የሚመራ ሰዓት አቆሙ። አቶም አያረጅምና በ1967 የዓለም የመለኪያዎች ጉባኤ ሴኮንድን ከምድር መዞር አላቅቆ በሲዝየም አቶም 9,192,631,770 ንዝረት ወሰነው።

በዚያው ዘመን ስልክም ሰዓት የሚፈልግ መሣሪያ ሆነ። ከ1962 ጀምሮ የቤል ኩባንያ ድምፅን በሴኮንድ 8,000 ጊዜ እየለካ በቍጥር መላክ ጀመረ። በዚህ ዘዴ ላኪው ጣቢያ ከተቀባዩ በጥቂቱ ቢፈጥን፣ ተቀባዩ አንብቦ ያልጨረሰው ቍጥር ይከማችበታል፤ ማጠራቀሚያው ሲሞላም አንድ ሙሉ ረድፍ ይጥላል። ላኪው ቢዘገይ ደግሞ ተቀባዩ ያነበበውን ረድፍ ደግሞ ያነባል። በንግግር ላይ ይህ ስሕተት ከጥቂት ኮሽታ አያልፍም፤ በቍጥር በሚላክ መረጃ ላይ ግን መልእክቱን ያበላሻል።

ስለዚህ የቤል ድርጅት በሚዙሪ ግዛት በሂልስቦሮ በሲዝየም ሰዓቶች የሚመራ አንድ ዋና መለኪያ አቋቁሞ፣ ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ እንደሚወርድ ውሃ ፍጥነቱን ለማዞሪያ ጣቢያዎች ሁሉ አደለ። በአገሮች መካከል ደግሞ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደረጃ እያንዳንዱ ዋና ሰዓት ከ100 ቢሊዮን አንድ እጅ በላይ እንዳይስት ደነገገ። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዓቶች በተቃራኒ አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ወሰን ቢስቱ እንኳ በመካከላቸው አንድ ረድፍ የሚጠፋው በ72 ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ጊዜ የጣቢያ ስም ሲሆን

በ1991 በፊንላንድ ለንግድ አገልግሎት የተከፈተው ጂ.ኤስ.ኤም. የተባለው የሞባይል ሥርዓት ከዚህ ውርስ ተጠቃሚ ነበር። የጂ.ኤስ.ኤም. ጣቢያ ከተመደበለት ድግግሞሽ ከቢሊዮን 50 እጅ በላይ እንዳይስት ይጠበቅበታል፤ በ900 ሚሊዮን ኸርዝ ለሚሠራ ጣቢያ ይህ 45 ኸርዝ ማለት ነው። ጎረቤት ጣቢያዎች ግን ቅጽበቱን እንዲስማሙ አይገደዱም። ከበሮ መቺዎች በአንድ ፍጥነት ቢመቱ ምታቸው አንድ ላይ ባያርፍም እንደማለት ነው። ፍጥነቱንም ጣቢያው የሚያገኘው ጥሪዎቹን ከሚያመላልስለት በሴኮንድ 2.048 ሚሊዮን ቢት ከሚያሳልፈው መሥመር ነበር። ሰዓቱ ከሥራው ጋር በአንድ ሽቦ ይመጣ ስለነበር ስለ ሰዓት የተለየ ሐሳብ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነበር።

በአሜሪካ ኳልኮም የተባለው ኩባንያ ያቀረበውና በ1993 ደረጃው የጸደቀለት ሲ.ዲ.ኤም.ኤ. የተሰኘው ሥርዓት ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በ1995 በሆንግ ኮንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንግድ የዋለው ይህ ሥርዓት ጣቢያዎች ሁሉ 32,768 ምልክት ያለውን አንድ ዓይነት ኮድ እየደጋገሙ እንዲያሠራጩ ያደርጋል። አንዱ ጣቢያ ከሌላው የሚለየው ኮዱን በሚጀምርበት ቅጽበት ብቻ ነው። መነሻዎቹ በ64 ምልክት፣ ማለትም በ52 ማይክሮሴኮንድ ያህል የተራራቁ ሲሆኑ ቍጥራቸው 512 ነው፤ ማይክሮሴኮንድም የአንድ ሴኮንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ጊዜ የጣቢያው ስም ሆነ። ሰዓቱ 52 ማይክሮሴኮንድ የሳተ ጣቢያ በሌላ ጣቢያ ስም ይጠራል። ከዚያ በጣም ያነሰ ቢስት እንኳ ስልኮች ከጎረቤት ጣቢያ ሲመጡ አያገኙትም፤ ብቻውን የቆመ ደሴት ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ስምምነት በየጣቢያው ሲዝየም በመትከል ማግኘት በዋጋው ምክንያት የማይታሰብ ነበር። የተገኘው መልስ ከሰማይ ነው። የመጀመሪያው የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይት የመጠቀው በ1978 ሲሆን ሥርዓቱ የተሟላው በ1995 ነው። 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩት እነዚህ ሳተላይቶች የአቶም ሰዓት ይዘዋል። በፍጥነታቸውና ከምድር ስበት በመራቃቸው ምክንያት ሰዓቶቻቸው ከምድር ሰዓት በየቀኑ 38 ማይክሮሴኮንድ ያህል የሚፈጥኑ በመሆናቸው ይህ የአይንሽታይን ሒሳብ አስቀድሞ ተስተካክሎላቸዋል። በጣቢያው ጣሪያ ላይ አንዲት ትንሽ አንቴና መትከል ብቻ ከመላው ዓለም ጋር ለመስማማት በቃ። ወታደሮች ለመርከብና ለአውሮፕላን መሪነት የሠሩት ሥርዓት ሳይታወቅ የስልክ መረብ ልብ ምት ሆነ።

ምስክር ያጣ ሰዓት

ከዚያ ርቀት የሚመጣው የሳተላይት ምልክት ምድር ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው። በጃንዋሪ 2007 በካሊፎርኒያ በሳን ዲዬጎ ወደብ የአሜሪካ የባሕር ኃይል መርከቦች ሬዲዮን የማወክ ልምምድ ሲያደርጉ ሳያስቡት የጂ.ፒ.ኤስ. ምልክትን ሸፈኑት። በከተማው የሞባይል አገልግሎት ተስተጓጐለ፤ የሆስፒታል ሐኪሞችን ለአስቸኳይ ሥራ የሚጠሩት ፔጀሮችም ታወኩ። የችግሩን መነሻ ፈልጎ ለማግኘት ቀናት ፈጀ፤ ሐኪም መጥራት ያልቻለ ሆስፒታል የችግሩን ምንጭ በሰዓት ውስጥ እንዲፈልግ የሚያደርግ ምልክት አልነበረውምና።

በጃንዋሪ 26 ቀን 2016 የደረሰው ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነበር። በ1990 የመጠቀው ቍጥር 23 ሳተላይት ከአገልግሎት ሲወጣ ከምድር መቈጣጠሪያው ወደ ሌሎቹ ሳተላይቶች የተላለፈ አንድ የተሳሳተ ቍጥር ከጥቂቶቹ ላይ ተሠራጨ። ቍጥሩ የጂ.ፒ.ኤስ.ን የራሱን ጊዜ ወደ ዓለም አቀፉ ጊዜ ለመለወጥ የሚያገለግል ሲሆን ስሕተቱ 13 ማይክሮሴኮንድ ያህል ነበር። መርከብም አውሮፕላንም መንገዱን አልሳተም፤ ይህን ቍጥር ተቀብለው የሠሩበት የሰዓት መሣሪያዎች ግን ለሰዓታት ተሳሳቱ፣ በቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅቶችም ዘንድ የማስጠንቀቂያ ደወል ሲደወል ዋለ። ምልክቱ ጠንካራ፣ ሳተላይቶቹም ጤነኞች ነበሩ። ሳን ዲዬጎ ላይ ሰዓቱ ጠፋ፤ በ2016 ግን ሰዓቱ በሙሉ ልብ ሐሰት ተናገረ። ከጠፋ ሰዓት ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ሁለተኛው ነው፤ የጠፋውን ማንም ያውቀዋል፤ የተሳሳተውን ግን የሚያውቀው ሌላ ሰዓት ያለው ብቻ ነው።

በዚህ መካከል ሌላኛው ሰዓት እየተዘጋ ነበር። ሎራን-ሲ የተባለው ከምድር በ100 ኪሎኸርዝ የሚሠራጭ የመርከብ መሪ ሥርዓት በየጣቢያው የሲዝየም ሰዓት የነበረው ሲሆን፣ የስልክ ድርጅቶችም የፍጥነት መለኪያ አድርገው ይጠቀሙበት ነበር። ጂ.ፒ.ኤስ. እያለ ምን ያደርጋል ተብሎ በአሜሪካ በፌብሩዋሪ 2010 ተዘጋ፤ በአውሮፓም አብዛኞቹ ጣቢያዎች በ2015 መጨረሻ ጸጥ አሉ። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ፣ በዲሴምበር 2018፣ የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ለጂ.ፒ.ኤስ. ጊዜ ከምድር የሚሠራጭ መጠባበቂያ እንዲዘጋጅ በሕግ ደነገጉ። አስቀድሞ የነበረውን መጠበቅ እንደገና ከመሥራት እንደሚቀል ለመረዳት ይህ ምሳሌ ይበቃል።

ሽቦው ሲመለስ

በ2000ዎቹ ዓመታት የሞባይል ድርጅቶች የቀድሞውን ባለ 2.048 ሚሊዮን ቢት መሥመር ርካሽና ሰፊ በሆነው የኢተርኔት መረብ መለወጥ ጀመሩ። መረጃው በየጥቅሉ ተቈርጦ፣ እንደ ደረሰው ሁኔታ በሚሄድበት በዚህ መረብ የላኪው ፍጥነት ለተቀባዩ አይደርስም። ለቍጠባ ሲባል የተወገደው ሽቦ ሰዓቱንም ይዞ እንደሄደ ግልጽ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ለኮምፒዩተሮች ከ1985 ጀምሮ ዴቪድ ሚልስ ያወጡት የመረብ ሰዓት ሥርዓት ነበር፤ ነገር ግን ትክክለኛነቱ በሴኮንድ ሺሕኛ የሚለካ በመሆኑ ለማሠራጫ ጣቢያ አይበቃም።

መፍትሔው የመጣው ከመለኪያ መሣሪያዎች ሠሪዎች ነው። በሒውሌት ፓካርድና ከእርሱ በተከፈለው አጂለንት ኩባንያ ጆን አይድሰን ካደረጉት ምርምር የተነሣው ሥርዓት፣ በኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር ቍጥር 1588 ተሰጥቶት በ2002 ጸደቀ፤ በ2008ና በ2019ም ተሻሻለ። ሐሳቡ የጥንቶቹ የቴሌግራፍ ተመራማሪዎች ሐሳብ ነው። ዋናው ሰዓት መልእክት ይልካል፣ ጣቢያው ይመልሳል፤ አራቱ የመነሻና የመድረሻ ቅጽበቶች በመሣሪያው አካል ላይ ይመዘገባሉ፤ አማካዩም የመንገዱን ጊዜ ያወጣል። ከዚሁ ጋር ከ2006 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የወጡት ደረጃዎች የኢተርኔት መሥመር ራሱ እንደ ቀድሞው ሽቦ ፍጥነትን ተሸክሞ እንዲያልፍ አደረጉት።

ሆኖም የ1905ቱ ጥያቄ በዚህም ቀርቷል። መሄጃና መመለሻ እኩል ካልሆኑ አማካዩ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም የልዩነቱ ግማሽ ነው። በመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን አንድ ኪሎ ሜትርን በ5 ማይክሮሴኮንድ ያህል ያልፋል። እንግዲህ የመመለሻው ክር ከመሄጃው 600 ሜትር ቢረዝም የጣቢያው ሰዓት 1.5 ማይክሮሴኮንድ ይስታል። በጥገና ጊዜ አንድ ሠራተኛ ካለው ጥቅል ላይ ትርፍ ክር ቢቀጥል ጥሪም አይቋረጥ፣ መረጃም አይጠፋ፤ ሰዓቱ ብቻ ዝም ብሎ ይሳሳታል።

1.5 ማይክሮሴኮንድ የተጠቀሰው በከንቱ አይደለም። ጣቢያውና ስልኩ በአንድ ድግግሞሽ ተራ በተራ በሚናገሩበት የአራተኛውና የአምስተኛው ትውልድ ሥርዓት እያንዳንዱ ጣቢያ ከጋራው ጊዜ ሊርቅ የሚችለው እስከዚህ ወሰን ድረስ ነው። ከዚህ ያለፈ ጣቢያ ጎረቤቱ የደካማ ስልክን ድምፅ ለማዳመጥ ጸጥ ባለበት ቅጽበት መናገር ይጀምራል። የአንዱ ጣቢያ ስሕተት ችግር የሚሆነው በአብዛኛው ለጎረቤቶቹ ነው፤ ራሱ ደኅና መስሎ ይታያል። በአንድ አካባቢ ከአንድ በላይ ድርጅት በተቀራረበ ድግግሞሽ ሲሠራ ደግሞ ስምምነቱ በድርጅቶች መካከልም መኖር አለበት። በ1999 በጂ.ኤስ.ኤም. የተጀመረው የኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎት በ2022 አምስተኛውን ትውልድ በአዲስ አበባ ሲሞክርና በዚያው ዓመት ሁለተኛ ድርጅት ሥራ ሲጀምር፣ ይህ ጥያቄ ለአገሪቱ መሐንዲሶችም የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቷል።

የሦስተኛው ሰዓት ዋጋ

የሰማዩም የሽቦውም ጊዜ ሲቋረጥ ጣቢያው የሚተማመነው በራሱ ሰዓት ነው። ለአንድ ሙሉ ቀን ከ1.5 ማይክሮሴኮንድ ሳይርቅ እንዲቆይ ከተፈለገ ይህ ሰዓት በአማካይ ከ100 ቢሊዮን ሁለት እጅ እንኳ መሳት የለበትም። በተወሰነ ሙቀት የሚጠበቅ ጥሩ ኳርትዝ ለሰዓታት ይጸናል፤ ሩቢድየም ከዚያ ይረዝማል፤ ዋጋውም እንዲሁ። መጽናቱ ሲያበቃ ጎረቤቶቹን ከማወክ ይልቅ ጣቢያው ማሠራጨቱን እንዲያቆም ይደረጋል፤ በዚያ አካባቢ አምቡላንስ የሚጠራ ሰው መስመር የሚያጣው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ በግዢ ሰነድ ላይ እንደ ትርፍ ወጪ የሚታየው የመጠባበቂያ ሰዓት በእርግጥ የሚገዛው ጊዜን ነው፤ ይኸውም ጠጋኙ ተራራው አናት እስኪደርስ ድረስ የሚያስፈልገውን ጊዜ።

የጥንት መርከበኞች ይህን ያውቁት ነበር። በ1831 ዓለምን ሊዞር የተነሣው ቢግል የተባለው የእንግሊዝ መርከብ 22 የባሕር ሰዓቶች ይዞ ነበር። በመርከብ ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ካለ ስሕተቱ አይታወቅም። ሁለት ካሉ አንዱ እንደተሳሳተ ይታወቃል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይታወቅም። ሦስት ካሉ ሁለቱ በሦስተኛው ላይ ይመሰክራሉ። ለሞባይል ጣቢያም ሰማዩ አንድ ምስክር ነው፣ ሽቦው ሁለተኛ ነው፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ወይም ሩቢድየም ሦስተኛ ነው። በ2016ቱ ቀን ሌላ ምንጭ የነበራቸውና አዲሱን ቍጥር ከእርሱ ጋር ያነጻጸሩ መሣሪያዎች 13 ማይክሮሴኮንድ በድንገት መዝለል ጤነኛ ሰዓት የሚያደርገው እንዳልሆነ ሊለዩ ይችሉ ነበር።

እንግዲህ ከግሪንዊች ሽቦ እስከ ዛሬ የታየው እድገት ሰዓቱን በሚሊዮን እጅ አሻሽሎታል፤ ጥያቄውን ግን አልለወጠውም። የባቡር ጣቢያው ኀላፊ ከለንደን የመጣለትን ምት በኪሱ ካለው ሰዓት ጋር ያስተያይ ነበር። ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ የዛሬው መሐንዲስም መረቡን ሲነድፍ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሰዓቱ ምን ያህል ትክክለኛ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ በሳተ ጊዜ መሳቱን ማን እንደሚነግረው ነው።